የክፍል ሁለቱ ሰውዬ

ታንጉት ከፈለኝ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣ አንዱን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሦስት አራት ጊዜ አነበበችና «ኧረ ወዲያ!» አለች። ያለችው ለካፒቴን ቦርዶ ነው። ካፒቴን ቦርዶ ሥጋና ደም የለውም፤ በሞባይል በሚጫወቱት ጌም ውስጥ ያለ የመርከብ አዛዥ ነው። ይሁን እንጂ በመላው ቦንጋ ከሰሞኑ ታንጉትን እንደሱ ያናደዳት ሰው የለም። ሰው ሲደክመው መቼም የሚጣላው አያጣም።

ቀን ቀን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አንድ ዴስክ ላይ ተደራርበው ለተቀመጡ ልጆች ያለፈውንና የሚመጣውን ጊዜ ስታስረዳ ውላ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ጫማዋ የቦንጋን ቀይ ጭቃ ተሸክሞ ትገባለች። ባል ነበራት፤ የግብርና ባለሙያ። ወደ ሐዋሳ ተዛወረና መጀመሪያ በየወሩ፣ ቀጥሎ በየበዓሉ እየመጣ፣ በመጨረሻ በስልክ ተለያዩ። በትርፍ ሰዓቷ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት የውጭ ጌሞችን ወደ አማርኛ ትመልሳለች። ሥራውን የሚልክላት አብርሃም የሚባል ወጣት ነው። በአካል አይተዋወቁም። ገና በመጀመሪያው ቀን «አንቺ» ብሏት ነው የጀመረው፤ እነሱ ቢሮ ከአለቃ እስከ ዘበኛ ሁሉም አንተና አንቺ ነው አሉ። ታንጉት አልተቀየመችውም፤ ገርሟት ግን ነበር። እሷ ባደገችበት ቤት ይህ ቃል እንዲህ በዋዛ ከአፍ አይወጣም።

ያ ቤት የአባቷ የጋሽ ከፈለኝ ቤት ነው። ጋሽ ከፈለኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ቦንጋ ውስጥ ዛሬ ቢሮ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታውም ሆነ ባጃጅ የሚነዳው ጎልማሳ፣ ከእሳቸው አለንጋ ያልቀመሰ ጥቂት ነው። አያታቸው ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች ወገን ነበሩና በዚያ ቤት አንቱታ እንደ ጾም የሚጠበቅ ነገር ነበር። ልጆቻቸው እርስዎ ይሏቸዋል፤ ሚስታቸው እርስዎ ይሏቸዋል፤ የመጣ የሄደው እርስዎ ይላቸዋል። እሳቸው ግን ከጳጳሱና ከአስተዳዳሪው በቀር ማንንም እርስዎ አይሉም። አይስቁም፤ አያመሰግኑም። ታንጉት ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ካርዷን ያሳየቻቸው ዕለት ከላይ እስከ ታች አዩትና «ከዚህ እንዳይወርድ» ብለው መለሱላት። እሷም ያንን እንደ ምርቃት ቆጥራ ለእናቷ ልትነግር ሮጠች። ልጅ ባገኘው ይደሰታል።

ባለፈው ዓመት «የጨው ወደብ» የሚባል ጌም ሲላክላት ካፒቴን ቦርዶን አገኘችው፤ ወዲያው አወቀችው። የማይስቅ፣ የማያመሰግን፣ መርከበኞቹ ኮቴውን ሲሰሙ ቀጥ የሚሉለት ሽማግሌ ነው። ኔሎ የሚባል አንድ ልጁን በሰው ፊት ስለ መለሰለት ብቻ አንድ ደሴት ላይ አውርዶት ሄዷል። እሱን ለመተርጎም መዝገበ ቃላት ማገላበጥ አላስፈለጋትም፤ አባቷ የሚናገሩትን መጻፍ ብቻ በቃት። እንግሊዝኛ ለንጉሡም ለውሻውም ያለው ቃል አንድ ነው፤ አማርኛ ግን ሰው ይመርጣል። መርከበኞቹ ካፒቴኑን እርስዎ እንዲሉት፣ እሱ ሁሉንም አንተ እንዲላቸው አደረገች። ጌሙ ወጣና ልጁ ሁሉ ወደደው። መነኻሪያው አጠገብ ተራ የሚጠብቁ የባጃጅ ሹፌሮች እርስ በርስ «አፍህን ዝጋና መልህቁን ሳብ!» እየተባባሉ ሲሳሳቁ ሰምታ፣ ቃሉ የራሷ መሆኑን ሳትናገር ሳቋን ዋጥ አድርጋ አልፋለች። በዚያ ሰሞን እርምጃዋ ሁሉ ቀለል ብሎ ነበር።

ከዚያ ክፍል ሁለት መጣ።

በክፍል ሁለት ካፒቴን ቦርዶ ይስቃል። ጌሙ ገና ሲከፈት ሽርጥ አስሮ ዓሣ ሲጠብስ ነው የሚታየው። መርከበኞቹን እያቀፈ «የኔ ጌቶች» ይላቸዋል፤ ቀልድ ያወራል፤ ክንፏ የተሰበረ ወፍ ያስታምማል። ደሴት ላይ ጥሎት የነበረው ኔሎ ተመልሶ እዚያው መርከብ ላይ ይሠራል፤ እንዴት እንደ ተመለሰ ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አይልም። አባትየው ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፤ ልጅየው ይስቃል። ይቅርታ የለ፣ ወቀሳ የለ፣ «ያኔ እንዲህ አድርገኸኝ» የለ። የመጀመሪያውን የጻፉት ሰዎች ለቀው ሌሎች ተተክተው ይሁን፣ ወይ ራሳቸው የጻፉትን ረስተው፣ ብቻ ከስሙና ከነጭ ጢሙ በቀር ከድሮው ሰውዬ የተረፈ ነገር አልነበረም። እንግሊዝኛው ቀድሞ ስለ ወጣ የኛዎቹ ተጫዋቾች ቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ «ሰውየው ምን ቀምሶ ነው?»፣ «ቦርዶን ቀብረው መንትያውን አመጡብን እንዴ?» እያሉ ሲንጫጩ ሰንብተዋል። እውነታቸውን ነው።

አብርሃም የድምፅ መልእክት መላኩን ትቶ ደወለ።

«ታንጉት፣ አንቺ ነሽ የምታወጪን» አላት። «ኦሪጅናሉን መንካት አንችልም፤ ከውጭ እንዲሁ ነው የመጣው። አማርኛው ላይ ግን ትንሽ አስታርቂው። ሰውየው ያው ሰውዬ እንዲመስል።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እኔ እንጃ። አንድ ቃል፣ አንድ አነጋገር... ከድሮው የሆነች ነገር ትቅርለት።»

ታንጉት «እሺ፣ እሞክራለሁ» አለች። እሺ ማለት ልማዷ ነው፤ ከድካሟም ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው።

ሞከረች። ካፒቴኑ ዓሣውን ሲያቀርብ «ብላ!» ስታስብለው የድሮው ቦርዶ ብቅ ይላል፤ ስዕሉ ላይ ያለው ፊት ግን ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። «ይብሉ» ስታስብለው ደግሞ በመርከበኛው ላይ የሚያፌዝ ይመስላል። አንዱን ትጽፋለች፤ ታጠፋለች፤ ሌላውን ትጽፋለች። በመሃል መብራት ይሄዳል። መብራቱ እስኪመጣ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ጭጋጉ ከጫካው ወደ ከተማው ሲወርድ እያየች፣ እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር ላይ ዕድሜዋን ማቃጠሏ ያበሽቃታል።

ታዲያ ጌም ነው ተብሎ የሚታለፈው ነገር እሷን ለምን እንዲህ እንዳንገበገባት ለማወቅ ወደ ሳሎኑ ዞር ማለት ይበቃል። ሳሎኑ ውስጥ ጋሽ ከፈለኝ ተቀምጠዋል። ይስቃሉ።

ካቻምና ክረምት ጓሮ ወደቁ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ሆስፒታል ሰንብተው ሲወጡ አንድ እግራቸው ይጎተት ነበር፤ ብዙ ነገርም ረስተዋል። ከሁሉም የባሰው ግን ጠባያቸው ነው፤ መባስ ከተባለ። ሰውን ሁሉ እርስዎ ማለት ጀመሩ። ሱቅ የሚላከውን ልጅ እርስዎ፤ ደጅ ያገኙትን ሁሉ እርስዎ፤ በመስኮት ለምትገባው የጎረቤት ድመት ሳይቀር «ይግቡ፣ አይፍሩ»። አንድ ቀን ታንጉት ለክትትል ልትወስዳቸው ባጃጅ ጠራች። ሹፌሩ ያኔ ጆሮውን እየጠመዘዙ ያስተማሩት ሰው ነበር። ሲወርዱ እጁን ይዘው «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፤ ደክመዋል፣ እስቲ ትንሽ ይረፉ» ሲሉት ሰውየው መሪውን እንደ ጨበጠ ደርቆ ቀረ። «ቲቸር፣ እኔን ነው?» አላት። ከዚያ ወዲህ ከተማው «ዳይሬክተሩ መልአክ ሆኑ» ይላል።

ታንጉት ስታስተምር አብረዋቸው የሚውሉት ጎረቤቷ እትዬ በላይነሽም ይህንኑ ነው የሚሉት። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ አባት ማን አለው?» ይሏታል። «ዛሬ ሻይ ባቀርብላቸው እጄን ሊስሙኝ ተነሡ እኮ! እኔን!»

ታንጉት «ተመስገን ነው» ትላለች። ሆዷ ግን አይልም። ጠዋት ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ እግራቸውን ታሻለች፤ እሳቸውም በያንዳንዱ «አደከምኩዎት እመቤቴ፤ ውለታዎን ይክፈልዎት» ይሏታል። አንዳንድ ቀን ታንጉት መሆኗን ያውቃሉ፤ አብዛኛውን ቀን ግን ደግ የቤት ባለቤት ናት፣ እሳቸው እንግዳ ናቸው። ልጅነቷን በሙሉ አንዲት የምስጋና ቃል ስትጠብቅ ኖራ፣ አሁን በቀን መቶ ጊዜ ሲዘንብባት አንዱም አይገባላትም፤ ምስጋናው አድራሻው ሌላ ነው። ይህ ደግ ሰውዬ ያኔ የት ነበር? ያኛውን ክፉ ሰውዬስ ማን ወሰደው? ተናዳለች፤ የምትናደድበት ሰው ግን ቤት የለም። ከሁሉ ይልቅ ያደከማት ይሄ ነው።

የቀራት አንድ ምኞት ነበር። ኢያሱ መጥቶ አባቱን እንዲያናግራቸው፤ ከመሞታቸው በፊት።

ኢያሱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ዋጫ ይኖራል፤ ቡናና ማር የሚጭንባት ፒክአፕ አለችው። ዋጫ ሩቅ አገር አይደለም፤ ኢያሱ ግን እናታቸው ከተቀበሩ ወዲህ እዚህ ግቢ ገብቶ አያውቅም። እናታቸው ሆዳቸውን ሲያማቸው ኢያሱ ቶሎ ጅማ እንውሰዳት ብሎ ለመነ። ጋሽ ከፈለኝ «ትንሽ ነገር ታበዛለች፤ እዚሁ ይሻላታል» ብለው ከለከሉ። በዚያ ቤት እሳቸው ካሉ አሉ ነው። በመጨረሻ ሲወስዷቸው ጊዜው አልፎ ነበር። በለቅሶው ድንኳን ሰው ጢም ብሎ ተቀምጦ ሳለ ጋሽ ከፈለኝ ኢያሱን «ተነሥተህ ሰው አስተናግድ እንጂ፤ ምን ያንዘፋዝፍሃል!» ሲሉት ልጁ ብድግ አለና ጣቱን ቀሰረባቸው።

«አንተ ነህ የገደልካት!»

አሁን የቦንጋን ሰው ስለዚያ ቀን ብትጠይቁት «ገደልካት» የሚለውን የሚያነሣላችሁ የለም፤ «አንተ» የሚለውን ነው። «አባቱን በሰው ፊት አንተ አላቸው!» ይባላል፣ ደረት እየተደቃ። ስለ ሟቿ ሴትዮ አንድ ሽማግሌ አልተላከም፤ ስለ ተውላጠ ስሙ ግን ስንት ሽማግሌ ተመላልሷል። ጋሽ ከፈለኝ «ልጅ የለኝም፤ እዚህ ግቢ ቢረግጥ እግሩን እሰብረዋለሁ» አሉ። ኢያሱም «አጥፍቻለሁ ይበል፤ ያን ቀን እግሩ ላይ እወድቃለሁ» አለ። ከዚህ በኋላ ሁለቱም አንድ ጋት አልተነቃነቁም። ታንጉት ከዚህ ወዲያ ከዚያ ወዲህ በስልክ ቃል ስታመላልስ ኖራ፣ አባቷ ሲወድቁ ቃሉም አብሮ ወደቀ።

ያን ቅዳሜ «ኧረ ወዲያ!» ያሰኛት ዓረፍተ ነገር የቱ እንደሆነ አሁን ልናገር። ኔሎ ከተመለሰ ወዲህ አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን የሚሆኑበት ቦታ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ገመድ ይስባሉ። አባትየው ዞር ብሎ ልጁን ያየዋል። ተጫዋች ሁሉ ትንፋሹን የሚውጥበት ቦታ ነው። ካፒቴኑም አፉን ከፍቶ «ዛሬ ነፋሱ ጥሩ ነው» ይላል። በቃ። ወደ ሌላ ይታለፋል።

ታንጉት ነፋሱን ዘላ በምትኩ «ልጄ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ» ብላ ጻፈች። ስህተት አልነበረም፤ እያወቀች ነው። ጻፈችና ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ደስ አላት። ፋይሉን ላከችው።

በሳምንቱ አጋማሽ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ አብርሃም ደወለ።

«ታንጉት፣ ይሄ ከየት መጣ? ኦሪጅናሉ ስለ ነፋስ ነው እኮ የሚያወራው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልጁን ደሴት ላይ ጥሎት ሄዶ፣ አንዲት ይቅርታ ሳይተነፍስ ስለ ነፋስ ማውራት አይችልም።»

«ይችላል እኮ! አወራ እኮ!» ሳቀ አብርሃም። ቀጥሎ ድምፁን አለዘበ። «ስሚኝ፤ እኔም ሳየው አናዶኛል። አንድ አድርጊው ያልኩሽም ራሴ ነኝ። ግን ያላለውን ልናስብለው አንችልም። ተርጓሚዎች ነን እንጂ ሽማግሌዎች አይደለንም።»

ታንጉት «እሺ» ብላ ይቅርታውን አጠፋችና ነፋሱን መለሰች። አጥፍታውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ደፋ ብላ አለቀሰች። እትዬ በላይነሽ ከሳሎን «ምነው ልጄ?» ሲሏት «ዐይኔን ነው፤ ኮምፒዩተሩ» አለች። የአብርሃም ነገር ግን ገብቷት ነበር። ይቅርታን በሌላ ሰው አፍ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ የሚመለከታቸው ሁለቱ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ቀኑ እየመሸበት ነው። ዐይኗን አብሳ ወደ በረንዳው ወጣችና ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ኢያሱዬ፣ ና» አለችው። «አባባ እየደከሙ ነው። ደግሞም ጠባያቸው ተለውጧል፤ የምትፈልገውን ብትጠይቃቸው እሺ የሚሉህ ይመስለኛል። ሰውን ሁሉ ይቅርታ ሲጠይቁ ነው የሚውሉት።»

በስልኩ ውስጥ የፒክአፑ ሞተር ይሰማ ነበር። «ደሞ ቢያባርሩኝስ፣ እቴቴ?»

«አያባርሩህም።»

«አንቺ አታውቂያቸውም እንዴ?»

«እኔ እንጃ፣ ኢያሱ። እኔ እንጃ። ብቻ ና።»

እሁድ ዕለት፣ ዝናቡ አባርቶ ጣሪያው ሲንጠባጠብ፣ ፒክአፗ አጥሩ ሥር ቆመች። ኢያሱ ወዲያው አልወረደም። ታንጉት በመስኮት ታየዋለች፤ መሪው ላይ እጁን ጭኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሚለውን እየደገመ እንደሆነ ገባት። ጸጉሩ ሸብቷል። ያንን ሳታውቅ በመቅረቷ አዘነች።

በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ጋሽ ከፈለኝ የወንበራቸውን መደገፊያ ይዘው፣ እየተንገዳገዱ ብድግ አሉ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ዝናቡ አበሰበሰዎት እንዴ? እመቤቴ፣ ለእንግዳው ወንበር!» ብለው የራሳቸውን ወንበር እየገፉ አቀረቡለት። በዚያ ወንበር ላይ ልጆቻቸው በሕልማቸውም ተቀምጠውበት አያውቁም።

ኢያሱ አልተቀመጠም። ፊቱ ደም መስሏል።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ኢያሱ ነኝ።»

«ኢያሱ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «እንዴት ያለ ጥሩ ስም ነው! እኔም በዚህ ስም የሚጠራ ልጅ አለኝ። ይቀመጡ እንጂ። ከየት ነው የመጡት?»

«ከዋጫ።»

«ዋጫ! አይ፣ ጥሩ ማር አለ እዚያ። መንገዱ አደከመዎት? ይቅርታ፣ ቤታችን ለእንግዳ አይመችም፤ ይቅርታ።»

ኢያሱ የተለማመደውን ሁሉ ረስቶ ቆመ። እሱ የፈለጋት ቃል ያቺው ነበረች። አሁን ስለ ወንበር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገድ እየተባለ ዝም ብላ ትወርድበታለች። ወሬ እንኳን ሳይመልስ ወደ ማድ ቤት ሄደ። ታንጉት ሻይ እየቀዳች ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አላት፣ ድምፁን ሰብሮ።

«አባባ ናቸዋ።»

«አይደለም! እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳዋራ የኖርኩት ከሌላ ሰው ጋር ነው። መኪና ስነዳ ከሱ ጋር እሟገታለሁ፤ ስተኛ ከሱ ጋር እሟገታለሁ። ይሄኛው ምን አደረገኝ? ይሄን ምን ብዬ ይቅር ልበለው?» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ሰድቦ ቢያስወጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ እቴቴ። በእግዜር።»

ታንጉት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ማንም ሰው ላይ ያልተነፈሰችውን እዚያ ቆማ ነገረችው።

«እኔ አንድ ቀን ሆን ብዬ ሻዩን ጉልበታቸው ላይ ደፋሁት። ይቆጡኛል ብዬ ነው። አንዴ ብቻ እንደ ድሮው ‹አንቺ!› ይሉኛል ብዬ። ‹አይጨነቁ፣ እጅዎን አቃጠለዎት ይሆን?› አሉኝ። እየሳቁ።»

ኢያሱ አያት። ከዚያ ትከሻዋን ይዞ ደረቱ ላይ አስጠጋት።

«ልሂድ» አለ በመጨረሻ። «ከዚህ በላይ አልችልም። በረንዳው ላይ ማር ትቼልሻለሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንቺን ለማየት እመጣለሁ።»

«እሺ» አለች ታንጉት። የአንድ ዓመት ተኩል ተስፋዋ በአንድ ሻይ ዕድሜ ሲያልቅ እያየች፣ ለማዘን እንኳን አቅም አጣች።

ኢያሱ ሳሎኑን በፍጥነት አቋርጦ ወደ በሩ ሲያመራ ጋሽ ከፈለኝ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ጌታዬ፣ እዚያ የቆመችው መኪና የእርስዎ ናት?»

«አዎ።»

«እስቲ ቀረብ ይበሉ።» ወደ መኝታ ቤቱ በር አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባለቤቴን አሟታል። እንዳትሰማን ነው። ነገ በጠዋት ጅማ ላደርሳት አስቤያለሁ፤ መኪና ግን አላገኘሁም። ያደርሱልኝ ይሆን?»

ታንጉት የማድ ቤቱ በር ላይ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

«ቀደም ብዬ መውሰድ ነበረብኝ» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ነግሮኝ ነበር። ጅማ እንውሰዳት ብሎ ለምኖኝ ነበር። እኔ ነኝ ታበዢዋለሽ ያልኳት። ልጁ ልክ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁ።»

ጣሪያው ይንጠባጠባል። ኢያሱ ቀስ ብሎ ከአባቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

ያን ጊዜ የጋሽ ከፈለኝ ፊት ተለወጠ። ፈገግታው ተሰበሰበ፤ ቅንድባቸው ወረደ፤ ጣታቸው ተቀሰረ። የወጣው ድምፅ የሰልፍ ሜዳው ድምፅ ነበር፤ ታንጉት ሳታስበው እዚያው በቆመችበት ቀጥ አለች።

«ለሱ ግን እንዳይነግሩብኝ! ያ አህያ ይሄን ከሰማ ዕድሜ ልኩን አናቴ ላይ ነው የሚወጣው! ሰምተዋል?»

ኢያሱ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲያለቅስ ይሁን ሲስቅ ታንጉት መለየት አቃታት፤ እሷ ራሷም የትኛውን እንደያዘች አታውቅም ነበር።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ይማሉልኝ!»

«እናቴን» አለ ኢያሱ፣ «አልነግረውም።»